ጋሼ ውሸቴን ያመነ ዕለት

የአባቴ አጥንት ይውጋኝ፣ የምነግራችሁ ሁሉ እውነት ነው። እንዲህ ብዬ ስምል የሰፈራችን ሰው ቢሰማ ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ በእኔ መሐላ ብዛት የአባቴ መቃብር ውስጥ አንድም አጥንት አልቀረም እያሉ ያሙኛልና። ይሁን። ውሸት ቢሆን ኖሮ አሳምሬ እሠራው ነበር። ይኼ ታሪክ ግን አያምርም፤ በዚያው እመኑኝ።

ሥራዬ አናጺነት ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ ነበር፤ መምህሩ የሚነግረንን ታሪክ ቤት ወስጄ እያሻሻልኩ ስለምመልስለት አልተስማማንም። መደመር ላይ አቋርጬ ወጣሁ፤ ማባዛቱን በራሴ ነው የተማርኩት። ከዚያ ወዲህ በታላቅ ወንድሜ ወርክሾፕ ውስጥ ወንበርና ቁም ሳጥን ስሠራ ኖርኩ። ሰው የሚጠራኝ ሰጋቱራ እያለ ነው። ሰጋቱራ ከመጋዝ ሥር የሚበተነው የእንጨት ብናኝ ነው፤ ብዙ ነው፣ ቀላል ነው፣ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል።

ወንድሜን ደግሞ ውሃልክ ይሉታል። አረፋዋ መሃል ላይ ስትቆም “ቀጥ ብሏል” የምትለዋን መሣሪያ ታውቋታላችሁ፤ በሷ ነው የሰየሙት። ጠማማ ነገር አያሳልፍም። እኔ ግን ጋሼ ነው የምለው። ሦስተኛው ሰው ሶፋ የሚያለብስልን ስፖንጅ ነው፤ ስሙ ከሥራውም ከሆዱም የመጣ ነው።

ወርክሾፓችን አንድ ሕግ ነበረው። እኔ ሥራ ላይ ወሬ እጀምራለሁ። ጋሼ ከጣውላው ቀና ሳይል ይሰማኛል። ወሬው ከልኩ ሲያልፍ አንዲት ቃል ይላል፦ “ላገው።” ሻካራ እንጨት በመላጊያ እንደሚላገው ወሬህንም ላግ ማለቱ ነው። እኔም እልጋለሁ። ለምሳሌ ለአንዲት ሙሽራ የሠራንላት ቁም ሳጥን ከስፋቱ የተነሳ አማቷ ገብታ ሳምንት ሙሉ ስትፈለግ ሰነበተች እላለሁ።

“ላገው።”

እሺ፣ አንድ ቀን ብቻ ነው የጠፋችው።

“ላገው።”

እሺ፣ ካፖርት ልታወጣ ገብታ በሩ ተዘጋባት።

“ላገው።”

እሺ፣ አንገቷን ብቻ ነው ያስገባችው።

ይኼኔ ጋሼ መላጊያውን ገፋ አድርጎ “አሁን ለሰለሰ” ይላል። ስፖንጅ በከንፈሩ የያዛቸውን ሚስማሮች እስኪተፋ ይስቃል። ጋሼ ሲስቅ ግን ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚነቀነቀው። እውነቱን ለመናገር እኔ ለዚያች ትከሻ ነበር የምዋሸው።

ሕጉ ከወርክሾፑ አልፎ ቤተሰቡንም ያዘ። የጋሼ ባለቤት እትዬ ገና አፌን ስከፍት “ላገው” ትለኛለች። ወንበር ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ ሳይቀር ይላል። ደህና አደርክ ላለኝ ሰው ደህና ነኝ ብል እንኳ “ላገው” የሚለኝ አይጠፋም ነበር።

ዝናብ ሳያቋርጥ የሰነበተበት ሰሞን ነው። አንድ ጠዋት አርፍጄ ገባሁና እንደ ልማዴ ለማርፈዴ ጥሩ ምክንያት ይዤ መጣሁ። ዳቦ ጋጋሪው ቤት ደርሼ ነው አልኩ። ያ በቀደም ያስገባንላቸው አልጋ ዝናቡን ጠጥቶ በቅሏል፤ ራስጌው ቅጠል አውጥቷል፤ ሚስትየው ትራሱን ስታራግፍ ወፍ ተነስቶ በመስኮት ወጣ። ይህን ብዬ መዶሻዬን እየፈለግሁ ቃሏን ጠበቅሁ።

ጋሼ የመጋዙን ማሽን አጠፋ። ቀና አለ። ለወሬዬ ቀና ሲል አይቼው አላውቅም።

“ቅጠሉ ምን ዓይነት ነው?” አለኝ።

ስፖንጅ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ፤ ይኸውላችሁ ውሃልክ በስንት ዘመኑ ብድሩን ሊመልስልኝ ነው ብዬ። ስለዚህ ጨመርኩበት። ቅጠሉ ሰፋፊ ነው፣ የታችኛው እግር ደግሞ ሥር ሰዶ ሲሚንቶውን ሰንጥቆታል አልኩ። ጋሼ ግንባሩን ቋጥሮ ሰማኝ። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ነገሩም ያለቀ መሰለኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሽርጡን ፈታ፤ ከጎረቤት አትክልተኛ መከርከሚያ መቀስ ተዋሰና ወጣ። ተከተልኩት። በልቤ እስከየት ሊያደርሰው ነው እያልኩ፣ በቀልዱም እየኮራሁበት። የዳቦ ጋጋሪውን በር አንኳኳ። ሴትየዋ ስትከፍት ባርኔጣውን አውልቆ፣ እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ በመሥራታችን ይቅርታ ጠየቃት፤ ጥፋቱ የኛ ስለሆነ ቅጠሉን ልከረክም መጥቻለሁ አላት። እሷ እኔን ከኋላው ስታይ የማን ሥራ እንደሆነ ገባት። ቀልዱን ላለማበላሸት “ይግቡ ጋሼ፣ እንዲያውም ንፋስ ሲነሳ እየወዘወዘ መተኛት ከልክሎናል” አለችው።

ገባ። አልጋው ሥር ተንበረከከ። አራቱንም እግር በመዳፉ እየዳበሰ፣ ሲሚንቶውን በጣቱ እየጫረ ብዙ ቆየ። ከዚያ ተነስቶ ራሳችን የላግነውን፣ ራሳችን ቬርኒሽ የቀባነውን ራስጌ ትኩር ብሎ አየው።

“ረግፏል” አለ።

ሴትየዋ አፏን በሻሿ ይዛ ሳቀች። እኔ ትከሻውን አየሁ። አልተነቀነቀም። ፊቱን አየሁ፤ ከእርሱ በቀር ማንም በሌለበት ቤት ውስጥ የቆመ ሰው ፊት ይመስል ነበር። ከደጅ ስንወጣ መቀሱን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ በሚመጣው ዝናብ እንደገና እንደሚያወጣ፣ ያኔ ተመልሰን መምጣት እንዳለብን ነገረኝ። የሰፈሩ ግንብ ላይ ተደግፌ፣ ድንጋይ ገብቶብኝ ነው ብዬ ጫማዬን እያወለቅሁ ቆየሁ።

ሰው ሌላው ሰው ሲታመም በብዙ ምልክት ያውቃል፤ በትኩሳት፣ በሳል፣ በመክሳት። እኔ ወንድሜ መታመሙን ያወቅሁት ስላመነኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሳለፍናቸውን ነገሮች ወደ ኋላ እየለቀምኩ ማየት ጀመርኩ። አክስታችን የተቀበረች ቀን ጋሼ በለቀስተኛው መሃል አልፎ የሬሳ ሳጥኑን ማዕዘን በጣቱ አንኳኩቶ “መጋጠሚያው ልቅ ነው፤ ኮላ ሰስተዋል” ብሎ ጮክ ብሎ ተናግሮ ነበር። አንድም እንባ አላወጣም። ያሳደገችው አክስቱ ናት። አጎታችን የተቆጣው እኔን ነበር፤ በለቅሶ ቤት እንኳ ወንድምህን ለቀልድህ ታሰልፈዋለህ ብሎ። የሻይ ስኳራችን እያለቀ ሲያስቸግር ስፖንጅ ሌባው አንተ ነህ ብሎኝ ነበር፤ ጋሼን ቆርቆሮው ላይ አጎንብሶ ስኳሩን እየዘገነ ሲቅም ያገኘሁት እኔው ነኝ። የአንዲት ደንበኛ ልጅ የያዘውን ከረሜላ ከእጁ ነጥቆ አፉ ውስጥ ሲጨምር እናቲቱ ደንግጣ ወደ እኔ ዞረች፤ የተወራረድን መስሏት። እትዬ እጇ በፈላ ውሃ ተቃጥሎ ስታለቅስ በላይዋ ተራምዶ እራት ደረሰ ወይ ብሎ ጠይቋታል። እሷም በማግስቱ የመጣችው ወደ እኔ ነው፤ ምን ብለህ ነው ያስኮረፍከው ልትለኝ።

አያችሁ፣ በሌላ ቤት ቢሆን ከነዚህ ነገሮች አንዷ ትበቃ ነበር። ሰው ደንገጥ ብሎ ይህ ሰው ምን ነካው ይል ነበር። እኛ ቤት ግን እንግዳ ነገር ሁሉ ባለቤት ነበረው፤ ባለቤቱም እኔ ነበርኩ።

ይኼ ሁሉ ቢቆይ ይቆይ ነበር። ያላቆየኝ መጋዙ ነው። ጋሼ የማሽኑን መከለያ ፈትቶ ጥሎታል፤ ያደክመኛል ብሎ። ጣውላውን ይገፋበት የነበረውን እንጨት ትቶ በባዶ እጁ መግፋት ጀመረ። አንድ ቀን የመጋዙ ጥርስ የአውራ ጣቱን ጥፍር ጫፍ ይዞ ሄደ። እኔ ጮህኩ፤ እሱ ጣቱን አየት አድርጎ፣ ሱሪው ላይ ጠረገውና የሚቀጥለውን ጣውላ አነሳ። ሕመሙ አይደለም ያስፈራኝ። ፍርሃት እሱ ውስጥ የነበረበት ቦታ ባዶ መሆኑ ነው። ተው ብለው አይሰማኝም፤ ታላቄ ነው፣ ወርክሾፑም የሱ ነው። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር እጁን እንጂ ሥራዬን ማየት አቃተኝ። ያ እጅ ነው መሮ አያያዝ ያስተማረኝ።

እትዬ ዘንድ ሄድኩ። ልብስ እየተኮሰች አገኘኋት። ጋሼ አእምሮውን እየታመመ ነው፣ ሐኪም ይየው፣ ከማሽኑም እናርቀው አልኳት። የአልጋውን ነገር ነገርኳት። ካውያውን አቁማ እስክታነባ ሳቀች።

“ላገው” አለችኝ።

ማልኩላት፤ መማሌ ደግሞ አባሰው። ስለ መጋዙ ነገርኳት።

“ላገው።”

ምን ላድርግ? የማውቀው መንገድ አንድ ነው፤ ላግሁት። እሺ፣ አእምሮውን አይደለም፣ አንዳንድ ነገር ይዘነጋል አልኳት። አሁንም አልተቀበለችም፤ እንዲያውም ከኔ ይሻላል አለች፤ እውነቷን ነው። እሺ፣ ደክሞታል አልኳት። ይኼኔ ፊቷ ለዘብ አለ። “አሁን ለሰለሰ” አለች፣ “እኔም ደክሞታል ብዬ ነበር። ማር በወተት እሰጠዋለሁ።” ከቤቷ ስወጣ እንደዚያ ቀን አፌን ጠልቼው አላውቅም። እውነቱን ሲያምኑኝ እውነት መሆኑ ቀርቶ ነበር። ስፖንጅም ጋ ያው ነው የሆነው። እሱ ጭራሽ ይህ እስከ ዛሬ ካወራኸው ሁሉ የሚበልጠው ነው ብሎ አድናቆቱን ገለጸልኝ።

በማግስቱ ጋሼ ወደ ማሽኑ ሲሄድ ቀድሜው ቆምኩ። ምንም አላሰብኩም፤ አፌ በራሱ ነው የሠራው።

“ጋሼ” አልኩት፣ “መጋዙ ታሟል። ጠጋኙ መጥቶ አይቶት ነበር። እስኪሻለው ማንም እንዳይነካው ብሏል።”

ዓይኔን አየኝ። አንድ ጊዜ፣ እባክህ አንድ ጊዜ ብቻ እያልኩ በልቤ ለመንኩት። አንዲቷን ቃል ቢላት፣ ሁለቱንም እጄን ማሽኑ ሥር ላስገባለት ዝግጁ ነበርኩ።

“ምኑን ነው ያመመው?” አለኝ።

“ድካም ነው” አልኩት።

ጋሼ ኮቱን አውልቆ ማሽኑን አለበሰው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጋዙን አልነካም። ጠዋት ይመጣል፣ በርጩማ ስቦ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ብረቱን በመዳፉ እያሻሸ ይውላል። ስፖንጅ የመጀመሪያ ቀን ሳቀ። ሁለተኛው ቀን ፈገግ አለ። ሦስተኛው ቀን መዶሻውን አስቀምጦ ውጭ ወጣ፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ቬርኒሹ ነው አለኝ። ያን ቀን የተከፈተ ቬርኒሽ አልነበረም፤ ግን ላገው አላልኩትም።

እትዬን ጠርቶ ያመጣት እሱ ነው። ምን ብሎ እንደጠራት አላውቅም። ምሳ ዕቃዋን ይዛ፣ ገና ከበሩ ጀምሮ ደሞ ምን ልትሉኝ ነው እያለች ገባች። ጋሼ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አሰኛት። ቀስ ብሎ ተነሳና በጆሮዋ፣ አሁን ገና እንቅልፍ ወስዶታል፣ ቀስ ብለሽ ተራመጂ አላት። ተመልሶ ተቀመጠ፤ ከመጋዙ ላይ የተንሸራተተውን ኮት ወደ ላይ ሳብ አደረገለት።

እትዬ ወደ እኔ ዞረች። ሳቄን ፈለገች፤ ከአፌ፣ ከዓይኔ፣ ከየትም። ስፖንጅን አየች፤ እሱ መሬት መሬቱን ያያል። ምሳ ዕቃውን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ መጥታ እጅጌዬን ያዘችኝ።

“ይቺን እንኳ ላጋት” አለችኝ፤ ድምፅዋ የሷ አይመስልም። “የኔ ወንድም፣ እባክህ። ትንሽ ላጋት።”

“እትዬ” አልኳት፣ “የተላገው ይኼ ነው።”

እዚያው ሰጋቱራው ላይ ተቀመጠች። ጋሼ ዞር ብሎ አያት። ስታለቅስ አየና ምሳ ዕቃውን ከፍቶ መብላት ጀመረ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም። ብዙ ጠየቀችው። ስሙን፣ የሠፈሩን መንገድ፣ የጓደኞቹን ስም ሁሉ ልቅም አድርጎ መለሰላት፤ እትዬ በየመልሱ ተስፋ እያደረገች ወደ እኔ ታይ ነበር። ከዚያ ሐኪሟ የሰዎች ፊት ያለበት ሥዕል አሳየችው፤ የቱ ነው የሚያዝነው፣ የቱ ነው የሚቀልደው እያለች። ጋሼ ሁሉንም አንድ በአንድ አይቶ፣ ክፈፋቸው በደንብ አልተቆረጠም አላት። ጠረጴዛዋ ላይ የነበረውን ከረሜላ ሳይጠይቅ ጨረሰው። ለሌላ ቀን ቀጥራን የራስ ቅሉን በማሽን አስነስታ አየችው፤ ከዚያ እኔንና እትዬን አስቀምጣ ነገረችን።

የመርሳት በሽታ ዓይነት ነው፤ ግን መርሳቱ ኋላ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ የሚሄደው ጠባይ ነው አለች። ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል፣ ነውርን ከደግ፣ ቀልድን ከቁም ነገር የሚለየው፣ እየከሳ እየከሳ ይሄዳል። አይመለስም። ማዳኛ የለውም፤ የሚያስቸግረውን ነገር የሚያቀልለት ጥቂት መድኃኒት ብቻ ነው ያለው። ብዙ ቤተሰብ ጠባዩ ተበላሸ፣ ፍቅሩ አለቀ፣ ወይ ቀልድ ጀመረ እያለ ዓመታት ያሳልፋል፤ እናንተ በጊዜ መጣችሁ አለችን። መጀመሪያ ያስተዋለው ማን እንደሆነ ጠየቀች። እትዬ በጣቷ አሳየችኝ። በምን አወቅህ አለችኝ ሐኪሟ። ውሸቴን አመነኝ አልኳት። አልሳቀችም። ያም አንዱ ምልክት ነው፣ ውሸትን ከእውነት መለየት ሲያቅታቸው ብዙ ጊዜ ማንም ልብ አይለውም አለች። እኔ ያኔ ልስቅ ነው ያሰብኩት፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተማረ ሰው አመነኝ ብዬ። አልወጣልኝም።

ከዚያ የወጣን ጊዜ መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ነበር። እትዬ መድኃኒት ልትገዛ ቀረች። እኔና ጋሼ መሻገሪያው ላይ ቆምን። ድሮ ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ እንደሚያደርገው ሳይናገር እጄን ያዘኝ፤ መዳፉ ሻካራ ነው፣ የእንጨት ጠረን አለው። ተሻገርን።

መጋዙን ለሌላ አናጺ ሸጥነው። ጋሼ ሲጠይቅ ድኖ ወደ ቤተሰቦቹ ሄደ አልነው፤ ደስ አለው። አሁን እትዬ ጠዋት ታመጣዋለች፤ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። አንዲት ቁራጭ ጣውላ በማለስለሻ ወረቀት ሲፈትግ ይውላል። ይለሰልሳል፣ ይቀጥናል፣ ያልቃል፤ ሌላ እንሰጠዋለን። ቃል እያነሰው ነው። ስሜን ያልጠራበት ቀን ብዙ ነው፤ ወሬ ግን ይወዳል። ስገባ ቀና ብሎ ያየኛል፤ ይጠብቃል።

ስፖንጅ አውራለት ይለኛል። ምን ችግር አለው፣ ባይስቅ እንኳ ይሰማሃል ይለኛል። አልችልም። አንድ ቀን ሞክሬ፣ ወንዙ ዛሬ ወደ ላይ ሲፈስ አየሁ አልኩት፤ ተነስቶ ጫማውን መፈለግ ጀመረ፣ ሄዶ ሊያየው። ያልኩትን ሁሉ ወጥቶ የሚፈልግ ሰው ፊት እንዴት ይዋሻል? ስለዚህ ያለውን ነው የምነግረው። ጋሼ፣ ዛሬ ዝናብ የለም። ጋሼ፣ ኮላው ደርቋል። ጋሼ፣ ስፖንጅ የልብስ መርፌ ጠፍቶበት ሲፈልግ ተቀምጦበት ተገኘ። ይቺ የመጨረሻዋ እውነት ናት፤ ስፖንጅን መጠየቅ ትችላላችሁ።

“ከዚያስ?” ይለኛል።

“በቃ ጋሼ፣ ይኸው ነው።”

እንግዲህ ታሪኩ ይህ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም እውነት ነው ብዬ ምያለሁ፤ አንዲት ነገር ግን ጨምሬበታለሁ፤ በአባቴ አጥንት ልታስወጋኝ ነው። ከሐኪም ቤት ስንመለስ፣ መሻገሪያው ላይ፣ ጋሼ እጄን አልያዘኝም። የያዝኩት እኔ ነኝ። እሱ እጁን ሊያስለቅቅ እየጎተተ፣ መኪኖቹን እያያቸው፣ ወደ እነሱ ይሄድ ነበር።